የዓለቱ ዳር ቀይ ሽሪምፕ

የላቦራቶሪው ሰዎች «ወረንጦ» ይሏታል። መሣሪያው ከእጇ ስለማይጠፋ ብቻ አይደለም፤ አንዴ የያዘችውን ነገር ስለማትለቅም ነው። ሥራዋ ከሐይቁ የሚወጡትን ሽሪምፖች፣ እነዚያን ባለ ቅርፊት ትንንሽ የውሃ ፍጥረቶች፣ በዝርያ መለየት ነው። ሐይቁ እጅግ ጥንታዊ ስለሆነ ሌላ የትም የማይገኙ ፍጥረቶች አሉበት።

ከነዚህ አንዱ ጥፍር የማያክል ቀይ ሽሪምፕ ነው። ከምሥራቁ ዓለታማ ዳር በቀር የትም አይኖርም። ለዓይን ሲታይ ሐይቁን ከሞላው ከተለመደው ሽሪምፕ ጋር ፍጹም አንድ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ግን እንደ መጋዝ የሾለው አፍንጫው ያጥራል፣ ከሥሩም ጥርስ የለውም። ይህን እስክታረጋግጥ ዓይኗ ሟሟ።

ታዲያ በዚያው ዳር ወደብ ሊሠራ ነው ተባለ። ለወደቡ ሲባል ያስጠኗት የዳሩ ፍጥረቶች ሪፖርት ታትሞ ሲመጣ ስሟ ከላይ ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «በአካባቢው ያለው የተለመደው ሽሪምፕ ብቻ ነው» ይላል። ደሟ ፈላ። በሩን ሳታንኳኳ የላቦራቶሪው ኃላፊ ቢሮ ገባች። ኃላፊው ድሮ መምህሯ ነበር።

«ሁለት ዝርያ ነው ብዬ ሰጠሁዎት፤ አንድ አድርገው አወጡት!»

«በይ ተቀመጪ መጀመሪያ።»

«አልቀመጥም!»

«የሚለያቸው አፍንጫቸው ብቻ አይደል እንዴ? ለአፍንጫ ብለን ወደብ እናስቀር?»

«እርስዎና ወንድምዎም የምትለዩት በአፍንጫ ነው። አንዳችሁ ብቻ ይበቃል ያላችሁ አለ?»

ሰውየው ሳቀ። እሷን ያንገበገባት ሳቁ ነው። ልዩነቱን እንዳያይ ዓይኑ አልታመመም፤ እያወቀ ነው የደበቀው።

ቤት ስትገባም አልበረደላትም። ባሏ ጀልባ ነጂ ነው፤ ወደቡን ሲመኝ የኖረ ሰው።

«እኔስ? ለኔ አታስቢም?» አላት ነገሩን ስትነግረው ቅር ብሎት።

«ወደብ አይሠራ መች ወጣኝ? በስሜ አይዋሹ ነው ያልኩት! ትንሽ ወዲያ ፈቀቅ ቢያደርጉት ምን ይሆናሉ?»

ባሏም፣ «እሱማ እውነትሽን ነው። ከዓለቱ ወዲያ ውሃውም ይጠልቃል» አለ።

ነዋሪው ስለ ወደቡ በተሰበሰበበት ቀን ተነሥታ ሪፖርቱ የሷ እንዳልሆነ፣ በዳሩም ሌላ የትም የሌለ ዝርያ እንዳለ በአደባባይ ተናገረች። ኃላፊው አቀርቅሮ ወረቀቱን ያገላብጥ ጀመር። ባሏም እጁን አውጥቶ ስለ ውሃው ጥልቀት አስረዳ፤ ሌሎቹ ጀልባ ነጂዎችም ደገፉት። መሐንዲሶቹ ተመካክረው ወደቡን ከዓለቱ ወዲያ አዞሩት፤ ግን ዘግይተው ነበር። የዳሩን እኩሌታ ለወደቡ መሠረት ቀድሞ የተደፋው ጠጠር ቀብሮታል። በተረፉት ዓለቶች ሥር ቀዩ ሽሪምፕ ዛሬም አለ።

በኋላ የዝርያው ጥናት በሷ ስም ሲወጣ ኃላፊው በኮሪደሩ አገኛትና፣ «እንኳን ደስ ያለሽ! ያስተማርኩሽ ፍሬ አፈራ» ብሎ እጁን ዘረጋ።

«ጠጠሩን መጀመሪያ ያስነሡ» አለችው፤ እጁን እንደዘረጋ ትታው አለፈች።