ወፍጮው የቆመ ቀን

ባለፈው ሳምንት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወልድያ ያለው ሱቄ ገብታ ድምፅ የሚከለክል የጆሮ ማዳመጫ ጠየቀችኝ። አለኝ፤ ያውም ሁለት ዓይነት። አንደኛው ጆሮን እንደ ቡሽ የሚወትፍ ነው። ጎማው ከጆሮ ልክ ጋር ከገጠመ የባትሪ ውለታ አይፈልግም። ሁለተኛው በውስጡ ትንሽ ማይክ አለው፤ የውጭውን ድምፅ ሰምቶ ተቃራኒውን ይሠራና አንዱን ባንዱ ያጠፋዋል። አብዛኛው ነጋዴ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አሳይቶ ይሸጣል። እኔ ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅ አልሸጥም።

«መስማት ያስጠላሽ የትኛውን ድምፅ ነው?» አልኳት።

«ሁሉንም» አለችኝ።

እኔም ድሮ መልሴ ይኸው ነበር።

የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ሳለሁ ከወልድያ መርሳ ወርጄ ሬዲዮና ባትሪ የምሸጥባት ጠባብ ሱቅ ከፈትኩ። የተከራየኋት ክፍል ከወፍጮ ቤት ጋር ግድግዳ ትጋራለች። ኪራዩ ለምን እንደረከሰልኝ የገባኝ አልጋዬን አስገብቼ ከዘረጋሁ በኋላ ነው። በሌላኛው ግድግዳ በኩል አያ እንድሪስ የሚባሉ ማንጎ የሚሸጡ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ቅሬ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። ቅሬ በእኛ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሙታኑን የሚቀብርበት የሰፈር ማኅበር ነው፤ መጤ ያለ ዋስ አይገባበትም። «ይህ ልጅ እዚህ ዘመድ የለውም፤ ዘመዱ እኔ ነኝ» ብለው ለቅሬው ዳኛ አስመዘገቡኝ። ከዚያ ወዲያ ከሱቅ በተመለስኩ ቁጥር ግድግዳውን መታ መታ አድርገው «አለህ?» ይሉኛል። «አለሁ አያ» እላለሁ። «አብሽር» ይላሉ። አንዳንድ ቀን ከዚህ ተነስተን ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ማንጎው ትል እናወራለን። በዚያ ከተማ መኖሬን የሚጠይቅ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

ወፍጮው ግን ገደለኝ። በዚህ መሐል ከዓረብ አገር የተመለሰች አንዲት ሴት ባለ ባትሪ ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ሸጠችልኝ። ምን እንደሚሠራ እሷም አታውቅ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ለዘፈን ነው ብዬ ገዝቼ ስሞክረው ቁልፉን ነካሁትና ወፍጮው ጎረቤት ከተማ ሲሪንቃ ድረስ የሸሸ መሰለኝ። የሰው ድምፅ ግን ቀረ። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ሲጨቃጨቁ ቃል በቃል እሰማለሁ። ግማሽ ሥራ የሚሠራ ዕቃ መሰለኝ። ማይክ ያለው ዓይነት ማጥፋት የሚችለው ሳያቋርጥ የሚያጉረመርመውን፣ የሞተሩንና የወፍጮውን ድምፅ እንደሆነ፣ የሰውን ድምፅ ብዙውን እንደሚተወው ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ያደረግኩት ከአንድ የመንገድ ሠራተኛ የጆሮ መወተፊያ ጎማ መግዛት ነው። ጎማው ከታች፣ ማዳመጫው ከላይ። ዓለም ጠፋች። ብልጥ ነኝ አልኩ።

በነሐሴ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ ስሄድ አያ እንድሪስ ያስላቸው ነበር። ስመለስ ደሴ ያለ እንቅልፍ አድሬ በማለዳ መርሳ ገባሁ። መንገዱ ጭቃ፣ ልብሴ እርጥብ፣ በእጄ ከመንገድ የገዛሁት የተጠበሰ በቆሎ። ጫማዬን ደጅ አውልቄ ገባሁ። ወፍጮው ያጓራል። ልተኛ ብዬ አንዱን ጎማ ጆሮዬ ውስጥ ከትቼ ሁለተኛውን ስይዝ ግድግዳው መታ መታ አለ።

«አለህ?»

በቀረው ጆሮዬ ሰማሁ። ብመልስ ወሬ ይመጣል፤ ስነሳ እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ሁለተኛውን ጎማ ከተትኩ።

የነቃሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ማዳመጫውን አወለቅኩ፤ ዝም። ጎማዎቹን አወጣሁ፤ አሁንም ዝም። ዕቃው ጆሮዬን ይዞት የሄደ መሰለኝ። የአልጋውን ብረት በጣቴ ስመታው ጮኸ። ቆሞ የነበረው ወፍጮው ነው። ቀኑ የገበያ ነበር፤ ወፍጮ በገበያ ቀን የሚቆመው ባለቤቱ ሰው ሊቀብር ሲወጣ ብቻ ነው።

በሩን ስከፍት ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ቆይቶ እግራቸው ጭቃ የለበሰ ሰዎች መግባት ጀመሩ። የአያ እንድሪስ ልጅ ዘይነባ ከፊቴ ቆመች። «አባቴን ልንቀብር ስንወጣ በርህን ደበደብነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ጫማህ ደጅ ነበር።»

የቅሬው ዳኛ ጋሽ ሞላ፣ ለፋፊው ከመስኮቴ ሥር ቆሞ መጥራቱን ነገሩኝ። ማዳመጫውን አምጥቼ ድምፅ የሚያጠፋ ነው ብዬ አስረዳሁ። ጋሽ ሞላ ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ ቁልፉንም ነካሁላቸው። ወፍጮው ቆሟል፤ ምኑን ያጥፋ?

«ይሄማ ሁሉን ያሰማል፣ ልጄ» ብለው መለሱልኝ።

ሁለቱ ጎማዎች አልጋዬ ላይ ነበሩ። ሮጬ ማምጣት እችል ነበር፤ አላመጣሁም። ጎማው ለቀብሩ ምክንያት ይሆነኛል፤ ለ«አለህ?» ግን አይሆነኝም።

ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ቦታ ለቀቁልኝ፤ ንፍሮውም ሲዞር አልዘለለኝም። ክፉ የተናገረኝ የለም። በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ከቀብር የቀሩት ሰዎች ስም እየተጠራ ቅጣት ተጣለባቸው። ስሜን ስጠብቅ መዝገቡ ተከደነ። ቅጣት የሰፈርተኛ መብት መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። መስከረም ሲጠባ ሱቄን ዘግቼ ወልድያ ተመለስኩ።

ዛሬ ጎማውም ማይኩም በአንድ ዕቃ ይመጣሉ። ለተማሪዋ ይህንኑ አስረዳኋት፤ የጎማውን ልክ አስመረጥኳት። የውጭ ድምፅ የሚያስገባውንም ቦታ አሳየኋት። «ይህን ስትነኪው ሰው ሲጠራሽ ይሰማሻል» አልኳት።

«ማን ይጠራኛል ጋሼ?» ብላ ሳቀች።

ሸጥኩላት፤ ነጋዴ ነኝ። ስሟን ግን ጠየቅኳት፤ ሰብለ ነው። ትናንት ማዳመጫውን አድርጋ በሱቄ ፊት ስታልፍ «ሰብለ!» ብዬ ተጣራሁ። ሳትዞር አለፈች። ዕቃው ጥሩ ስለሆነ አልሰማችኝ ይሆናል። ሰምታኝም ይሆናል። ከጀርባዋ ቆሞ ይህን መለየት አይቻልም፤ ከግድግዳ ማዶ ሆኖማ እንዴት ይቻላል?