ፕላዝማ ልንገዛ ወልድያ የወረድን ጊዜ

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እኔ እናገራለሁ፣ የልጅ ልጄ ሀብታሙ ይጽፋል። ከሰቆጣ ወልድያ ወርጄ የተመለስኩትን ነው የማወራችሁ። ለንግሥ አልሄድኩም፣ ለለቅሶም አልሄድኩም። ብረት የሚቆርጥ ማሽን ልመርጥ ነው የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ወልዴ በያጅ ነበር። እዚሁ ግቢያችን በር፣ መስኮት፣ አልጋ ይሠራል። አንድ ቀን ላሜራ ሲቆርጥ ያ የሚሽከረከረው ዲስክ ተሰብሮ ፊቱን መታው። አንዱ ዐይኑ ወዲያው ጠፋ። ሌላውም እየደከመ ሄዶ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚለይ። ያን ጊዜ ትልቋ ልጁ ማንጠግቦሽ ዐረብ አገር ነበረች። ስትመለስ የአባቷን ብየዳ አነሣች። ልጅ ሆና ከሥሩ አትጠፋም ነበርና እጇ ያውቀዋል። ወልዴ ብየዳውን እሺ አላት። ዲስኩን ግን «ያ ነገር እዚህ ግቢ ሁለተኛ አይዞርም» አለ። ሳይቆረጥ ደግሞ ምኑ ይበየዳል? እሷም «ወይ ሌላ መቁረጫ እገዛለሁ፣ ወይ ተመልሼ እሄዳለሁ» አለች። ዐረብ አገር የሚልካት ደላላም መደወሉን አልተወም።

ዲስክ የሌለው፣ በእሳትና በአየር የሚቆርጥ፣ ፕላዝማ የሚሉት ማሽን ወልድያ ገብቷል ተባለ። ወልዴ ጠራኝ።

«እማ፣ እኔ ሄጄ አላየው። እርስዎ ይዩልኝ። ደኅና ነው ካሉ ትግዛ። ካላሉ ይቅር።»

«ልጄ፣ እኔ ስለ ማሽን ምን አውቃለሁ?»

«በሬ መግዛት ያውቁ የለ?»

ከግድግዳው ሥር ክንድ የማይሞላ ላሜራ አውጥቶ ሰጠኝ። እስከ ግማሹ ተቆርጦ የቀረ ነው። ለጀመረው በር ሲቆርጠው ዐይኑ የጠፋበት ብረት ነው። «በዚህ ላይ ያስቆርጡት» አለኝ። በአሮጌ ነጠላ ጠቀለልኩት።

ከሰቆጣ ስንወጣ

ገና ጎሕ ሲቀድ መናኸሪያ ደረስን። ጎረቤታችን እታገኝ ልጇን ልትሸኝ መጥታ አየችን።

«እሜቴ፣ ፕላዝማ ሊገዙ ነው አሉ! ስንት ኢንች?»

ለካ አገሩ ሁሉ ቴሌቪዥን መስሎታል። በስተርጅና ምን ነካት እየተባልኩ ነው። አልፈርድባቸውም። ማንጠግቦሽ ተማሪ ቤት ሳለች ፕላዝማ ማለት ትምህርት የሚሰጥ ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። በእንግሊዝኛ አንበልብሎት ያልፋል። ማታ «ዛሬ ምን አለ?» ስላት «ቸኩሎ ሄደ» ትለኝ ነበር። እንደዚያ እንደዚያ ሲል እሷም ትምህርቱን ትታ ሄደች።

ሚኒባሱ ውስጥ «ይሄኛውስ ፕላዝማ ይቸኩላል?» አልኳት።

«ይሄኛው እጄ ካልሄደ አይሄድም እምዬ» አለችኝ።

መንገዱ ጠጠር ነው። ከፊት የሚሄደው መኪና አቧራውን ይለቅብናል። ብልባላ ላይ ወርደን አፋችንን ተጉመጠመጥን፣ ቆሎ ገዛን። ተራራው ሁሉ እርከን በእርከን ነው፣ ድንጋዩን ሰው ደርድሮ አፈሩን እንደያዘው ይታያል። ከላሊበላ ወዲያ ተከዜን ተሻገርን። እኔ የማውቀው ተከዜ ዝቋላ ጽጽቃ ወንድሜ ዘንድ ስሄድ የማየውን ነው። ክረምት ሲሆን ሰው ይወስዳል፣ ከብት ይወስዳል። እዚያ ላይ ግን ገና ሕፃን ነው። ልጆች ልብስ ያጥቡበታል። «ይሄ ነው እንዴ ያ?» ብዬ ዞሬ ዞሬ አየሁት።

ጋሸና

ጋሸና ስንደርስ መሸብን። ብርዱ አጥንት ይገባል። አንዲት ሴት ቤት ገብተን ድንች ቅቅል በሚጥሚጣ በላን። ማንጠግቦሽ ስልኳ ጮኸ። አየችውና በፊቱ ደፋችው። ደግሞ ጮኸ።

«ማን ነው?» አልኳት።

«ያው ነው። ቪዛው ደርሷል እያለኝ ነው።»

ድንቹን እየላጠች ለእኔ ታደርጋለች እንጂ እሷ አልበላችም። ማሽኑን እምቢ ብዬ ብመለስ ልጅቱን በገዛ አፌ ሸኘኋት ማለት ነው። እሺ ብዬ ዐይኗ ቢጠፋስ? ሁለቱንም ይዤ ተኛሁ።

ወልድያ

በድልብ በኩል ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ይጠመዘዛል። ታች ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢዬን አስወለቀኝ። በባጃጅ ወደ ሱቁ ሄድን። ሻጩ ወጣት ነው፣ አፉ የማያርፍ።

«እናቴ ይግቡ፣ ይቀመጡ። ይሄን ትልቁን ይዩት! የብረት ድልድይ ይቆርጣል።»

«ድልድይ ማን ሊያስቆርጠን ነው?» አልኩት።

ሳቀ። የማንጠግቦሽ ዐይን ግን ከትልቁ ላይ አልተነሣም። እጇን ሰዳ ዳበሰችው። እኔም የበሬ ገበያዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚበላው ነው።

«ምን ይበላል?»

«መብራት ነዋ እናቴ። ስሪ ፌዝ፣ የወፍጮ ቤት ዓይነት ኃይለኛ መስመር ይፈልጋል። ኮምፕሬሰርም ለብቻው ይገዛለታል፣ ጎሚስታ ቤት ጎማ የሚነፉበት ዓይነት።»

«እኛ ቤት ያለው ቆጣሪ ይችለዋል?»

አንገቱን አከከ። «አይ፣ የቤት ቆጣሪ እንኳ አይችለውም። ሌላ መስመር ማስገባት ነው።»

ማንጠግቦሽ «አስገባለሁ» አለች ቶሎ ብላ።

«እስኪገባ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። እጇን ከትልቁ ላይ አነሣች።

ልጁ ትንሹን አወጣ። አየሩን የሚነፋው ከራሱ ሆድ ነው። የቤት መብራት ይበቃዋል፣ ብቻ ከቆጣሪው ወፍራም ገመድ ይሳብለት አለ። ላሜራና ቱቦላሬ የሚሉትን ውስጡ ክፍት ብረት ይቆርጣል፣ ወፍራም ብረት ግን አይደፍርም። ማንጠግቦሽ ፊቷ ጠቆረ። «ሰው ትልቅ ሥራ ይዞ ሲመጣ ምን ልለው ነው?» አለች።

«የእኛ ሥራ በርና መስኮት ነው። ለማይመጣ ማሳ በሬ አይቀለብም» አልኳት። «በል አንተም ጥመደው። ሳይጠመድ አይገዛም።» ነጠላዬን ፈትቼ የወልዴን ብረት አወጣሁ።

ማንጠግቦሽ ብረቱን ስታየው ቆመች። ይዤው እንደመጣሁ አላወቀችም ነበር። ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አሰረችው። ከዚያ ወደ እኔ መጣች፣ ትከሻዬን ይዛ ወደ ግድግዳው አዞረችኝ፣ ነጠላውን ፊቴ ላይ ጣል አደረገችልኝ። «እንዳይዞሩ እምዬ» አለችኝ። ወዲያው ሻጩ ጮኸ።

«ማስክ! ማስኩን አውርጂ እንጂ!»

ማስክ የሚሉት የበያጅ ፊት መሸፈኛ ለካ ግንባሯ ላይ እንደተሰቀለ ነበር። የእኔን ዐይን ሸፍና የራሷን ረሳች። ስታወርደው ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከጀርባዬ እንደ እባብ ያለ ፉጨት ሰማሁ። ግድግዳው ሰማያዊ ሆነ። ቆሎ እስኪቆረጠም አልቆየም፣ አለቀ። ዞሬ ሳይ የወልዴ ብረት ሁለት ሆኗል።

ልጁ ደስ ብሎት «ዋራንቲም አለው እናቴ» አለ።

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ዋስትና ነው። ቢበላሽ እንጠግናለን የሚል ወረቀት።»

«ወረቀቱ ለማሽኑ ዋስ ሆነ። ለልጅቱ ዐይንስ ዋሱ ማን ነው?»

ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተ። «ለሱ ዋስ የለኝም እናቴ» አለኝ። «ያለ ጥቁሩ መስታወት ካየችው ብርሃኑ ይጎዳታል። አልዋሽዎትም።»

ተነሣሁ። ሱቁ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። በሬ እንኳ ስንገዛ የተሰረቀ እንዳይሆን ሰው ዋስ ይቆማል። ሰው ስም አለው፣ ደጅ አለው፣ ሄደህ ትይዘዋለህ። ማንጠግቦሽ ተከትላኝ ወጣች።

«እምዬ፣ ይመለሱ?»

«ረሳሽው እኮ።»

«ረሳሁት።» አልካደችም። «እዚያ ዐረብ አገርስ ማን ዋስ ሆነኝ? ሦስተኛ ፎቅ መስኮት ላይ ቆሜ መስታወት ሳጥብ ማን ያዘኝ? እዚህ ብረሳ የሚጮህብኝ ሰው አለ።»

ይሄን ከዚያ በፊት ለማንም አልነገረችም። ነጠላዬን አጣፋሁና ተመለስኩ።

«ጫኑት» አልኩት ልጁን።

መልስ

ካርቶኑን መኪናው አናት ፖርቶመጋላ ላይ አሰሩልን። ኬላ ላይ ፈታሹ ቀና ብሎ አየና «ምንድን ነው?» አለ። ማንጠግቦሽ «ፕላዝማ» አለች። «ይቅናዎት እማማ፣ ዜና ሊያዩ ነው!» አለኝ። ተሳፋሪው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ግን ሆዴ አልሳቀም። ለወልዴ ምን ብዬ እንደምነግረው ነበር የማስበው።

ቤት ስንገባ ወልዴ ደጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰላምታውንም አላስጨረሰኝ፣ እጁን ዘረጋ። ሁለቱን ቁራጭ ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ከዚህ ዳር እስከዚያ ዳር ሄደበት። ግማሹ እሱ የቆረጠው ነው፣ ሻካራ። ግማሹ የማንጠግቦሽ ነው፣ ልስልስ። መገናኛው ላይ ጣቱ ቆመ።

«ዐይን እንዴት ነው?» አለኝ።

አልደበቅሁትም። ብርሃኑ ይጎዳል አልኩት። ማስኩን መርሳቷንም ነገርኩት። ሻጩን ዋስ ብዬው ያጣሁትንም ነገርኩት። ማንጠግቦሽ አንገቷን ደፍታ ቆማለች።

«ማስኩን አምጪው» አላት።

ሰጠችው። ዳበሰው፣ መስታወቱን በጥፍሩ ቋ አደረገው፣ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «ዋሷ እኔ ነኝ» አለ። «ይሄ እኔ ጋ ያድራል። ከእጄ ሳትወስድ ያ ማሽን አይነሣም።»

ወልድያ ድረስ ወርጄ ያጣሁት ዋስ ደጄ ላይ ተቀምጦ ነው የጠበቀኝ። ዐይኑ ከጠፋ ወዲህ ሥራ የለኝም ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር የነበረው ልጄ አሁን ጠዋት ከሁላችን በፊት ይነሣል። ማስኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ይጠብቃታል። እሷ መጥታ ፊቱ ትንበረከካለች። ራሱ ያለብሳትና ወደታች ያወርደዋል። ከዚያ መስታወቱን በጥፍሩ ይመታል። ቋ ካለ «ሂጂ» ይላታል።

መጀመሪያ የሠራችው ያን ሳይጨርሰው ከእጁ የቀረውን በር ነው። እኔም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩላት።