አባቴ ኮፍያውን ያላወለቀባቸው ቀናት

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ገደራ ከተማ፣ እስራኤል። በአረጋውያን አዳራሽ አንዲት የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ፣ ወጣት ተመራማሪ፣ ስለ አልማዝ ባለጭራ ገለጻ ጀመረች። ዓመቱ በፈረንጆቹ 2018 ነው። እኔ ለዘገባ ነው የሄድኩት፤ አባቴ ከምንኖርበት ከቂርያት ማላኪ ተከትሎኝ መጥቶ ፊት ተቀመጠ።

«ቫይረሱ በልጅነት በጉድፍ በሽታ መልክ ይገባና ነርቭ ውስጥ ይተኛል» አለች። «ሲነቃ፣ የተጠቃው ሕዋስ ጎረቤቶቹን ይጣራል። የሚጣራባቸው ኬሚካሎች ሳይቶካይን ይባላሉ። የቫይረሱ ፕሮቲኖች ግን መልእክቱን ሳይወጣ ያፍኑታል፤ የነጭ ደም ሕዋሳትንም አሠራር ያዛባሉ። እርዳታው ይዘገያል። ቤሰደር? እሺ?»

እኔ ወደ ሃያ ሁለት ዓመቴ ተመለስኩ።

ብርቱካን የሚያብብበት ወቅት ነበር። አባቴ ያቭነ ከተማ ካለው ፋብሪካ በአውቶቡስ ሲመለስ ልብሱ ዘይትና አበባ ይሸታል። በዚያ ሰሞን ራት ላይ እንኳ ኮፍያውን አያወልቅም።

«ምነው አባ፣ ጣሪያው ያፈሳል?»

«አንተ ሽሮህን ብላ።»

በአራተኛው ቀን ግራ ዓይኑ አብጦ ተዘጋ፤ ኮፍያው መሸፈን አቃተው። ግንባሩን የሞላው ውሃ የቋጠረ ሽፍታ አፍንጫው ጫፍ ደርሷል። ክሊኒክ እንሂድ ስለው፣

«አልማዝ ባለጭራ መርፌ አይወድም» አለኝ። «የተወጋ ሰው ሲያልቅ በዓይኔ አይቻለሁ። ገደራ የባህል መድኃኒት የምትቀባ ሴት አለች፤ እዚያ ውሰደኝ።»

አውቶቡስ ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠም ጀመረ። ክርክር እንደማያዋጣ አውቄ ብቻዬን ጣቢያው አጠገብ ያለው ክሊኒክ ገባሁ፤ ሐኪሟን አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ በሩጫ ተመለስኩ።

«መርፌ የለውም። ክኒን ነው።»

«ክኒን ብቻ?»

«ክኒን ብቻ።»

መቆርጠሙን ተወ። «ታዲያ ሰው ይህን ለምን አይናገርም?»

«ማንን ጠየቁ? ያላ፣ ይነሡ።»

ሐኪሟ ክኒኑን ሰጠችው፤ ወደ ዓይን ሐኪምም ላከችው። «ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ቢጀመር ነበር የሚሻለው» አለችኝ በዕብራይስጥ። ለአባቴ አልተረጎምኩለትም። ግራ ዓይኑ ከዚያ ወዲህ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የሚለየው።

አሁን አዳራሹ ውስጥ አባቴ እጁን አነሣ። «ልጄ፣ ክኒኑ በስንት ቀን ነው የሚጀመር?»

«በሦስት ቀን ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፣ አባባ።»

ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። በሥራዬ ብዙ የዘገየ ወሬ ለሰው አድርሻለሁ፤ ይህን ያህል የከበደኝ ግን አልነበረም።

«ታውቅ ነበር?» አለኝ ወደ ጣቢያው ስንሄድ።

«ሐኪሟ ያን ዕለት ነግራኝ ነበር።»

አውቶቡሱ ውስጥ እንደ ወትሮው መስኮቱ በሚያየው ዓይኑ፣ በቀኙ በኩል እንዲሆን አድርጎ ተቀመጠ።