ለአምስት ዙር የሚበቃ

በጀልባ መጠገኛው ግቢ በስሙ የሚጠራው የለም፤ "ሦስቴ" ነው የሚሉት። የሸራ ጀልባ ገመድ ጫፉን ዘርዝሮ፣ አጥፎ፣ ፈትሎቹን መልሶ በራሱ በገመዱ ውስጥ እየሸጎጠ ቀለበት ሲሠራ ሦስት ዙር ነው፤ አራተኛ የለም። አባቱ በቃጫ ገመድ እንዲያ አስተምረውታል። ሙልጭልጩ ናይለን ሲመጣ ገመድ ሻጯ፣ "ወንድሜ፣ ይኼ እንደ ቃጫው አይያያዝም፤ አምስት ዙር አድርግለት" ብትለው፣ "ሦስቴ ያልያዘ ሠላሳ ጊዜም አይይዝ!" ብሎ ግቢውን ሁሉ አሳቀባት። አፍ ዳገት አይፈራም። እውነቱን ለመናገር፣ አምስት ዙር ቀለበቱን ያሳብጠዋል፤ እሱ ደግሞ ሥራው ያምራል መባልን ይወዳል።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሙ የአንዱን ጀልባ ምሰሶ ጫፍ ሊጠግን፣ ሦስቴ ቀለበት በሠራበት በዚያው ናይለን ተጎትቶ ወጣ። ቀለበቱ ተፈታና ወድቆ እግሩ ተሰበረ።

ገመዱ ግን አልተበጠሰም። ሾልኮ ነው የወጣው፤ ጫፉ ደህና ነበር። ሰዉ ወንድምየውን ተሸክሞ ሲሮጥ ሦስቴ የት ነበር? መናገሩም ያሳፍራል። ከመጋዘኑ ጀርባ ቁጭ ብሎ የገመዱን ጫፍ በድንጋይ ይፈገፍግ ነበር። ከዚያ ወጥቶ፣ "የሸጠችልኝ ገመድ የበሰበሰ ነው፣ ተበጠሰ" አለ።

በሳምንቱ ደንበኛ የሸሻት ገመድ ሻጭ ቤታቸው ድረስ መጣች። ወንድምየው እግሩ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ነው።

"በእኔ ዕቃ ነው ለዚህ የበቃኸው፤ ይቅር በለኝ" ብላው አለቀሰች።

ሦስቴ ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አለ፣ በሆዱ። እሷ ወደ እሱ ዞራ፣ "እስቲ የተበጠሰውን ስጠኝ፤ ፋብሪካው ወስጄ ላሳያቸው" አለችው። እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣና አመጣላት።

መስኮቱ ጋ ወስዳ ጫፉን በጣቷ ፈታታችው። የተበጠሰ ገመድ አንዱ ፈትል ይረዝማል፣ አንዱ ያጥራል። ይኼ እኩል ነበር፤ የድንጋይ ብናኝም አለበት። ቀና ብላ ሦስቴን አየችው። እሱ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

"ምን ሆኖ ነው?" አለ ወንድምየው።

"እኔ እንጃ፣ ዓይኔ ደከመ መሰለኝ" ብላ ገመዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "እግዜር ይማርህ" ብላው ወጣች።

ለማንም አልተናገረችም። እሱም አልተናገረም፤ ይኸው ስንት ዓመቱ። ከደንበኞቿ ግማሾቹ እንደራቋት ቀሩ። እሱ ግን ዛሬም ከእሷ ነው የሚገዛው። ለክታ ስትቆርጥለት፣ ሰው እየሰማ፣ "ለአምስት ዙር የሚበቃ ጨምሬበታለሁ፣ ወንድሜ" ትለዋለች።

"እሺ፣ እህቴ" ይላል፣ ቀና ሳይል።