ወደ ደባርቅ፣ በኤሌክትሮስታል በኩል

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ፣ ጎንደር

መናኸሪያው በር ላይ የደረስሁት ሰማዩ ገና ሳይለይለት ነው። ረዳቶቹ ግን ቀድመውኛል፤ "ዳባት! ደባርቅ! ደባርቅ!" እያሉ ሰውን ከነሻንጣው ይጎትቱታል። "ሞልቷል፣ አንድ ሰው ነው የቀረ" ብለው ያስገቡኝ ሚኒባስ ውስጥ ያገኘሁት ሾፌሩንና እግሯን የታሰረች አንዲት ነጭ ዶሮ ነው። ስንት ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሼ ዛሬም ይህን ቃል አምናለሁ። ተቀምጬ እየተነጫነጭሁ ሰው ጠበቅሁ።

የምሄደው ጋሽ ደሳለኝን ለማየት ነው። የአባቴ ወዳጅ ናቸው፣ የደባርቅ ሰው፤ በደርግ ጊዜ ሩሲያ ሄደው ብረት ማቅለጥ ተምረዋል። በዚህ ሳምንት ደውለው፣ "ቅዳሜ የመጀመሪያውን ፑሌጃ እናፈሳለን። መጥተህ እይልኝ። ካልወጣም መጥተህ አጽናናኝ" አሉኝ። ፑሌጃ የሚሉት የወፍጮ ቺንጋ የሚዞርበትን ክብ ነገር ነው፤ እሱ ከተሰበረ ወፍጮው ይቆማል፣ ሌላ ለማግኘት ደግሞ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ድረስ ነው።

ነገሩ የጨዋታ አይደለም። ማዘጋጃ ቤቱ ለጋሽ ደሳለኝና አብረዋቸው ለተደራጁት ወጣቶች አንድ የቆርቆሮ ሼድ ሰጥቷቸው ነበር። እስካሁን ከሼዱ የወጣው ጭስ ብቻ ስለሆነ የማዘጋጃ ቤቱ ኮሚቴ ሰዎች ሰልችተዋል፤ ዛሬ የሚጨበጥ ዕቃ ካላዩ ሼዱን ለብሎኬት አምራቾች እንደሚሰጡት ቁርጡን ተናግረዋል።

ከከተማ እንደወጣን ወለቃን አለፍን። ድሮ ብረት የሚቀጠቅጡና ሸክላ የሚሠሩ ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩበት መንደር ነው፤ አሁን ብዙዎቹ እስራኤል ገብተዋል። ሾፌሩ በመስኮት እያየ፣ "እነሱ ከሄዱ ወዲህ ጥሩ ማረሻ ጠፋ ይላል አባቴ" አለኝ።

"እዚህ እያሉስ ምን ይል ነበር?"

"እዚህ እያሉማ ቡዳ ናቸው ይል ነበር" አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ያሳደገኝም ሰፈር እንደዚያው ይል ነበርና።

ረፋድ፣ ኮሶዬ

አስፋልቱ አዲስ ነው። ድሮ እስከዚህ ድረስ አቧራ ቅመን፣ ወገባችን ተላቆ ነበር የምንደርሰው፤ ዛሬ ዶሮዋ እንኳ እንቅልፍ ወስዷታል። ኮሶዬ ላይ ሾፌሩ ለሻይ አቆመልን። ከገደሉ አፋፍ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ቆላው በጉም ተሸፍኗል፤ እዚህም እዚያም የተራራ ጫፍ ብቅ ብቅ ብሏል። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ሁለት ኮረዶች የተቀቀለ ድንች ከዳጣ ጋር በሳህን ያዞራሉ፤ አንዱ ሳህን አምስት ብር ነው። በላሁና ደገምሁ። የሰሜን ድንች እንዲህ ትኩሱን፣ ከነልጣጩ፣ በብርድ ሲበሉት ነው፤ ቤት ወስደው ሲቀቅሉት ያንን ጣዕም አያመጣም።

ዳባት

ዳባት ላይ ጋሽ ደሳለኝ ራሳቸው መንገድ ዳር ቆመው አገኘናቸው። ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተዋል፤ አጠገባቸው የሚንኳኳ ጆንያ አለ። ከየጋራዡ የለቀሙት አሮጌ ፒስተን፣ የድስት ክዳንና የሞተር ስብርባሪ ነው፤ ሁሉም አልሙኒየም፣ ሁሉም ለዛሬው እሳት። ጆንያውን ጣሪያ ላይ ጭነን ልንነሳ ስንል አንዲት ሴት በመስኮት ሬድዮ አቀበለቻቸው።

"ጋሽ ኤሌክትሮ፣ ከትናንት ጀምሮ ድምጧ ጠፋ። በማርያም ይዩዋት።"

ጋሽ ደሳለኝ ሬድዮኑን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። "በዚህ ስም ስጠራ ሃያ ዓመት አለፈኝ" አሉኝ ሴትዮዋ ራቅ ስትል። "ስመጣ 'የት ተማርህ?' አሉኝ። 'ኤሌክትሮስታል' አልሁ። የከተማው ስም ነው! እነሱ ግን ሙያ መሰላቸው። በሳምንቱ ካውያና ሬድዮ ደጄ ላይ ተደርድሮ ጠበቀኝ።"

"ታዲያ አይመልሱላቸውም?"

"ምኑን እመልሳለሁ፣ ሥራ ፈት ነበርሁ። መጽሐፍ ገዝቼ ሬድዮ መጠገን ተማርሁ። የተማርሁት ሙያ ሞስኮ ቀረ፣ ያልተማርሁት አበላኝ።"

ሾፌሩ ጆሮው ቆሞ ነበርና ስለ ከተማው ጠየቃቸው። ጋሽ ደሳለኝ መቼም ይህን ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ድሮ ጫካና ረግረግ ነው፤ ከሞስኮ በስተምሥራቅ። ስሙም ዛቲሺዬ ነው የሚባል፤ ነፋስ የማይደርስበት ጸጥ ያለ ጥግ ማለት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ጥይት አጠራቸው። እዚያ ጸጥ ያለ ጥግ ላይ የጥይት ፋብሪካ ተከሉ። ካጠገቡ ደግሞ ብረት በኤሌክትሪክ የሚያቀልጥ ሌላ ፋብሪካ ቆመ። ሠራተኛው መጀመሪያ በእንጨት ቤት ተፋፍጎ ሰፈረ። ኋላ ዳቦ ቤት መጣ፣ ትምህርት ቤት መጣ፣ የጡብ ቤት መጣ። ጸጥታው የት ይገኝ! ስሙንም ለወጡት፤ ኤሌክትሮስታል፣ የኤሌክትሪክ ብረት እንደማለት። በሁለተኛው ጦርነት ደግሞ ከግንባር ያሸሹትን የፋብሪካ መኪና እዚያ ተክለው ሌላ ፋብሪካ ወለዱ። እኔ ስደርስ ትልቅ ከተማ ነው። ለውጭ ሰው ግን ዝግ ነበር፤ ጎረቤት ከተማ እያደርን በፈቃድ ነው የምንገባ።"

"ሰላማዊውን ቦታ ነዋ የጥይት መሥሪያ ያደረጉት" አለ ሾፌሩ።

"የእኛስ ምን ይለያል? ከተማ ማለት ድሮ የንጉሥ ጦር የከተመበት ነው። ሰፈር የምንለውስ ጦሩ የሰፈረበት አይደል? ሁሉም ሲወለድ እንደዚያው ነው፤ ቁም ነገሩ ጦሩ ሲሄድ ምን ይቀራል ነው።"

ወቅን

ወቅን ላይ ሾፌሩ ሰው ሊያወርድ ቆመ። ወፍጮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ዛሬ የሚፈሰው ፑሌጃ የዚህ ወፍጮ ነው። እህል የጫኑ አህዮች ወደ ዳባት አቅጣጫ ሲሄዱ ተላለፍናቸው፤ ሴቶቹ ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ። ጋሽ ደሳለኝ እነሱን በዓይናቸው ሸኙ። ከዚያ ድምጣቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ።

"ኤሌክትሮስታል ያስቀናኝ ፋብሪካው አይደለም። ማቅለጫ ላይ የሚሠራው ሰው በበዓል ቀን ሜዳዩን ደርድሮ ሲወጣ ሕፃናት አበባ ይሰጡታል። ያው እሳት የለበለበው ሰው ነው። እኛ አገር ግን ቀጥቃጭ ነው። ሰርግ ላይ እንኳ ለብቻው ነው የሚያበሉት።"

"ወጣቶቹስ አላፈሩም?"

"ወላጆቻቸው አፈሩ እንጂ። 'ልጃችንን ቀጥቃጭ ልታደርጉት ነው' ብለው ሊያስወጡብኝ ነበር። ሽማግሌ ገብቶ፣ ሼዱ ዘመናዊ ፋብሪካ ነው፣ ቀጥቃጭ የሚባል ሰው ደጁን አይረግጥም አሰኝተው ቃል አስገቡኝ።" ሬድዮኑን አገላበጡት። "ገባሁ። ቅር እያለኝ ገባሁ።"

"ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው" የማይል ባለሥልጣን ባገራችን የለም። ቀጥቃጩን ወደ ማዕድ የሚያቀርብ ግን አላየሁም፤ እኔንም ጨምሮ።

ደባርቅ፣ እኩለ ቀን

ደባርቅ ባየኋት ቁጥር ሰፍታ ትጠብቀኛለች። ድሮ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቤቶች ብቻ ነበሩ፤ አሁን ከኋላቸው ሌላ ረድፍ፣ ከዚያም ኋላ ሌላ ረድፍ አለ። በባሕር ዛፍ ርብራብ የታሰረ ፎቅ እየወጣ ነው። ቱሪስት የሚጠብቁ አስጎብኚዎች፣ ተራራው ላይ ጨነቅ ወደሚባለው ካምፕ ዕቃ የሚያደርሱ በቅሎዎችና ባጃጆች አንዱን ጎዳና ይጋፋሉ። ገበያው ደግሞ ዛሬ ነው፤ በጉ፣ ገብሱ፣ ማሩ ሁሉ ወጥቷል።

ሼዱ ውስጥ ወጣቶቹ ሥራ ጀምረዋል። በጭቃ የተመረገ በርሜል ውስጥ ከሰል ይነዳል፤ የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ከሥር ይነፋዋል። የፑሌጃው ቅርጽ በእርጥብ አሸዋ ላይ ታትሞ ተቀምጧል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል። የአንደኛው ወጣት እናት እትዬ ጥሩነሽ ምሳ ይዘው መጥተዋል፤ ምሳው ሰበብ ነው፣ የመጡት ልጃቸው ምን እየሆነ እንደሆነ ሊያዩ ነው። ጆንያው ተገልብጦ ፒስተኑ ማቅለጫው ድስት ውስጥ ገባ። ጠርዝ ጠርዙ ማብረቅረቅ፣ መለስለስ ጀመረ።

መብራት ሄደ።

ማራገቢያው እያቃሰተ ቆመ፤ ከሰሉ መክሰም ጀመረ። ሁሉም ሰው ወደ ጋሽ ደሳለኝ ዞረ። ሰብሳቢው፣ "ጋሽ ኤሌክትሮ፣ ይችማ የእርስዎ ሙያ ናት" አሉ፣ ከልባቸው። ከጎናቸው ያለው ሰው መሰላል ሊፈልግ ተነሳ።

"እኔ ብረት ነው የተማርሁ!" አሉ ጋሽ ደሳለኝ። አንድ ጊዜ እሳቱን፣ አንድ ጊዜ እትዬ ጥሩነሽን አዩ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ጥለው ወደ ገበያው ሮጡ። ተከተልኋቸው።

ከገበያው ጥግ፣ ከሌላው ሻጭ ራቅ ብለው፣ አያ ወርቁ የሚባሉ ሽበታም ሰው ማረሻ ደርድረው ተቀምጠዋል። ለመጣ ገበሬ የደነዘ ማረሻ እዚያው አግለው ስለሚያሾሉ የፍየል ቆዳ ወናፋቸው አጠገባቸው ነው። ጋሽ ደሳለኝ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ የሆነውን ነገሯቸው።

አያ ወርቁ ወናፉን አነሱና ዘረጉላቸው። "ወናፉ ይግባ። እኔስ?"

ጋሽ ደሳለኝ እጃቸውን ሰበሰቡ። "ቃል አስገብተውኝ ነበር፤ ሰምተኻል። እሱን ቃል አሁን አፍርሻለሁ። አንተ ቅደም፣ እኔ እከተላለሁ።"

ሼዱ በር ስንደርስ ሰብሳቢው መነጽራቸውን አነሱ። "ይኼ ነው ዘመናዊ ፋብሪካ?" አሉ። አያ ወርቁ እሳቱ ሥር ቁጢጥ አሉና አንዱን ቆዳ ሲያነሱ ሌላውን እየተጫኑ ይነፉ ጀመር። ከሰሉ ተመልሶ ቀላ። እትዬ ጥሩነሽ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰብስበው ግድግዳውን ተጠግተዋል። የአያ ወርቁ ክንድ እየዛለ ሲመጣ ሰዉ ሁሉ እያየ ቆመ። አውቀዋለሁ ያንን መቆም፤ እኔም ቆሜ ነበር። የእትዬ ጥሩነሽ ልጅ ከጎናቸው ተንበረከከና አንዱን ቆዳ ያዘ።

"አንተ!" አሉ እናቱ። ልጁ ቀና አላለም። ቀጥሎ ሌላው ወጣት ተተካ፣ ቀጥሎ እኔ። ለካ ከባድ ነው፤ እኔ የነፋሁበት ጊዜ ከሁሉም ያጠረ ነበር፣ ሳቁብኝም።

ድስቱ ውስጥ ያለው ሁሉ ውሃ ሆነ። ጋሽ ደሳለኝ በመቆንጠጫ ይዘው አሸዋው ላይ በተተወው ቀዳዳ አፈሰሱት። በረድ ሲል ወጣቶቹ አሸዋውን አፈራረሱት። ፑሌጃው ወጣ። ጠርዙ ላይ ትንሽ አረፋ መሳይ ቀዳዳ አለው እንጂ ክብ ነው፣ ድፍን ነው። ጥግ ቆሞ ሲጠብቅ የነበረው የወቅኑ ባለ ወፍጮ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ አቅፎት ወደ በሩ ብርሃን ወሰደው፣ አገላብጦ አየው፣ አልመልስም አለ። ሰብሳቢውም ሊነኩት ሄደው ጣታቸውን ለበለባቸው፤ ጣታቸውን እየነፉ፣ "ሼዱ የእናንተ ነው" አሉ። ጋሽ ደሳለኝ ጆንያው ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም ዓይኔን ጭሱ ነው ብዬ ጠረግሁ።

ምሳ ተዘረጋ። እትዬ ጥሩነሽ ጆግና ሳፋ ይዘው ለሰብሳቢው፣ ለጋሽ ደሳለኝ፣ ለእኔና ለወጣቶቹ ውሃ አፈሰሱልን። አያ ወርቁ ማንም ሳይነግራቸው ወናፋቸውን ጠቅልለው ወደ በሩ እየሄዱ ነው። ልጁ እናቱን ያያል።

"ና፣ እጅህን..." አሉ እትዬ ጥሩነሽ፣ እና አቋረጡት። ሳፋውን ከፍ አደረጉ።

"አያ ወርቁ፣ ይምጡ። እጅዎን ይታጠቡ።"

ሽማግሌው መለስ አሉና ወናፉን መሬት አስቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ጆጉ አለቀ፤ እትዬ ጥሩነሽ እንደገና ሊቀዱ ወጡ። አያ ወርቁ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ጠበቋቸው፤ እኛም እንጀራውን ሳንቆርስ ጠበቅን።