ለጌጥ የተተከለ ጎመን

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ጆርጂያ፣ ስማይርና የምትባል ከተማ፣ አንድ የችግኝ መሸጫ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጌ ስወርድ፣ የረጠበ አፈርና የጎመን ሽታ አንድ ላይ መጣብኝ። ዞር ብል መሃሉ ሐምራዊ፣ ዳሩ የተጨማደደ የጌጥ ጎመን ተደርድሯል። ብቻዬን ሳቅሁ። ጋሪ የሚገፋው ልጅ “ምን ነካት?” በሚል ዓይን አየኝ። እትዬ አስካለን ቢያውቃቸው አብሮኝ ይስቅ ነበር።

ልጅ ሆኜ እዚሁ ጆርጂያ ቻምብሊ ከተማ ስንኖር፣ እትዬ አስካለ ከእኛ ሥር ያለው አፓርትመንት ውስጥ ነበሩ። በዲቪ መጥተው ኤርፖርት ዊልቸር ይገፋሉ። ከሥራ ሲመለሱ ዩኒፎርማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ ጫማቸውን በነጠላ ጫማ ቀይረው መስኮታቸው ሥር ወዳለችው መሬት ነው። ያንን ድርቅ ያለ ቀይ የጆርጂያ አፈር በበሰበሰ ቅጠልና በእንቁላል ቅርፊት አለስልሰው ጎመን፣ ቃሪያና ጽጌረዳ ተክለውበታል። እኔን ጎመን የሚያስለቅሙኝ ቆመው እያዩ ነው። “ከታች ከታች ልቀሚ! ልቡን ከነካሽው ወዮልሽ!”

አንድ መከር ላይ ለአፓርትመንቱ አዲስ ማኔጀር መጣ። ከመስኮት ሥር የሚፈቀደው የጌጥ ተክል ብቻ ነው፣ ጎመኑ እስከ ዓርብ ካልተነቀለ ሠራተኞች ይነቅሉታል አለ። እናቴ፣ “እትዬ፣ ጎመን በጤና ነው፤ ይንቀሉትና ይገላገሉ” አለቻቸው።

“ጎመኑን ነቅዬ ጤናውን ከየት ላምጣው?” አሉ።

እውነታቸውን ነበር። ዘሩ ሆለታ ከእናታቸው ጓሮ በመሐረብ ተቋጥሮ የመጣ ነው። እናትየው ሞተዋል፤ ጓሮውም ተሽጧል። የመጣውን ሁሉ ዘርተውታል፤ ጎመን ደግሞ ዘር የሚይዘው በጸደይ ካበበ በኋላ ነው። አሁን ከተነቀለ አለቀ፣ ከእናታቸው እጅ የቀረ ነገር የለም።

ዓርብ ማኔጀሩ አካፋ የያዙ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ። እኔ ደረጃው ላይ ሆኜ እንባዬ ይወርዳል። እትዬ አስካለ ግን መንገደኛ እንደሚመሩ ሁሉ ክንዱን ይዘው ወደ ግቢው መግቢያ ወሰዱት። እዚያ አፓርትመንቱ ራሱ፣ በስሙ ሰሌዳ ዙሪያ፣ በአበባ መሃል የጌጥ ጎመን አስተክሏል።

“ዋት ኢዝ ዚስ?” አሉት።

“ኦርናመንታል” አለ፤ የጌጥ ነው ማለቱ ነው።

ጎንበስ አሉና ከታች አንድ ቅጠል ቀንጥሰው አኘኩት። በኋላ ሲነግሩኝ እንደ እሬት ይመራል፤ ያኔ ግን ፊታቸው ንቅንቅ አላለም። ዋጡና፣ “ዚስ ኢዝ ጎመን! ዩ ፕላንት፣ ኦኬ! ሚ ፕላንት፣ ኖ?” አሉት።

ሰውዬው አንዴ የተቀነጠሰውን ቦታ፣ አንዴ እሳቸውን አየና ሳቁ አመለጠው። እንግዲያውስ የሚያምር አድርጊው ብሏቸው ባለ አካፋዎቹን መለሰ።

እንዲያምር ከተባለማ እትዬ አስካለን ማን ይችላቸዋል! ጎመኑን ፓንዚ በሚባል አበባ ከበቡት፣ ማዕዘኑ ላይ ጽጌረዳ አቆሙ። ፋሲካ ሲደርስ ጎመኑ ከሁሉ በላይ ተመዞ በአበባ ቢጫ በቢጫ ሆነ። ማኔጀሩ ቤት ሊከራዩ የሚመጡትን በዚያ በኩል ያሳልፋቸው ጀመር። የእኔ ኩራት ደግሞ አይጣል ነበር፤ የተከልኩት እኔ ነኝ እያልኩ ትምህርት ቤት ሁሉ አወራሁ።

ዘሩ ሲደርቅ አንሶላ ላይ ወቅተው ግማሹን ለእኔ ቋጠሩልኝ። “ብዪው፤ ግን ዘር ሳትይዢ እንዳትጨርሺው” አሉኝ።

እትዬ አስካለ አሁን በሕይወት የሉም። የእኔም ሰፈር ደንብ ከቤት ፊት ለፊት አትክልት አይፈቅድም። እኔ ምን ገዶኝ! ጎመኔ በፓንዚ ተከቦ ደጄ ላይ ቆሟል። ባለፈው ሚያዝያ ሲያብብ ጎረቤቴ ውሻዋን እንደያዘች ቆማ፣ ይህን የመሰለ አበባ ከየት አመጣሽው አለችኝ።

“ከሆለታ” አልኳት።

ዘሩ ሲደርቅ ግማሹን ቋጥሬ ሰጠኋት።