የግብ ጠባቂው ውል

ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ውስጥ፣ ያኔ ሰባት ዓመት የሞላኝ ቤት ጌታ የአንድ እግር ኳስ ቡድን ጸሐፊ ነበሩ። እኔ ጀለቢያቸውን መተኮስ እንጂ ስለ ኳሳቸው የማውቀው ነገር አልነበረም። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ወጥ ቤት ድረስ መጡና፣ "ያላ፣ ነይ፤ ዛሬ አስተርጓሚ ሁኚልን" አሉኝ።

ሳሎን ስገባ አንድ ረጅም ያገሬ ልጅ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የቡድናቸው ግብ ጠባቂ ነው። ዐረብኛው ሜዳ ላይ ለመጮህ እንጂ ለውል አይበቃም። ፊት ለፊቱ የቡድኑ ጠበቃ ወረቀት ዘርግቷል። ጸሐፊው ወንበር አሳዩኝ። በዚያ ሳሎን ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ስለነበር እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

የልጁ ውል አልቋል። ከኮምቦልቻ አንድ ቡድን ሊወስደው ጠይቋል። ሆኖም የካርቱሙ ቡድን ያንኑ ደመወዝ እከፍላለሁ ካለ፣ ሁለት ዓመት ሊያስቀረው ይችላል የሚል አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ። ይህን ስተረጉምለት ፊቱ ጠቆረ።

"ስፈርም ማን ነገረኝ? ያን ቀን አንቺን የመሰለ ሰው አልነበረም" አለኝ።

ይህን ስተረጉም ጠበቃው "ፊርማው የራሱ ነው" ብሎ ዘጋው።

ልጁ ከኮምቦልቻው ደመወዝ በላይ ጠየቀ። እሺ አሉት። ቤት ጠየቀ። እሱንም እሺ አሉት። እሺ ባሉት ቁጥር ይበልጥ ይከፋል። እንቢ እንዲሉትና እንዲለቁት እንደሚፈልግ ያኔ ገባኝ።

"ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ምንድን ነው የምትፈልገው?" አልኩት።

"የእናቴ ዓይን እየጠፋ ነው፣ እታለም። ጨርሶ ሳይጠፋ መልኬን እንድታይ ነው። ይህን ግን እንዳትነግሪያቸው፤ ለማኝ አታድርጊኝ።"

አነጋገሩ የወሎ ነው። እኔም ከሐይቅ ነኝ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ፣ የመኪናውን መስኮት የሚያለብሰው ጉም፣ ሁሉም በአንዴ መጣብኝ። ሰባት ዓመት እናቴን አላየኋትም።

"ምን ይላል?" አሉ ጸሐፊው።

"እናቱ ልትታወር ነው። ሊያያት ይፈልጋል" አልኳቸው። ልጁ "እናት" የሚለውን ቃል በዐረብኛ ያውቀዋልና በቁጣ አፈጠጠብኝ።

የጸሐፊው የራሳቸው እናት ከኮሪደሩ ማዶ ተኝተዋል፤ በየጠዋቱ የማጥባቸው እኔ ነኝ። ጸሐፊው ወደዚያ በር ትንሽ ተመለከቱና፣ "አሁን ሁለት ወር ሄዶ ይያት። ተመልሶ አንድ ዓመት ይጫወትልን፤ ከዚያ ነፃ ነው" አሉ።

ጠበቃው ተቃወመ። እሳቸው ግን አልሰሙትም።

"በወረቀት ይጻፉት በያቸው" አለ ልጁ። ጻፉት። ቁርኣን ስቀራ የለመድኩት ፊደል ጠቀመኝ፤ በጣቴ እየተከተልኩ ቃል በቃል እያነበብኩ ተረጎምኩለትና ፈረመ።

እስከ ውጭው በር ሸኘሁት፤ የሐይቅ ልጅ መሆኔን፣ እናቴም እዚያ እንዳለች ነገርኩት።

"አትንገሪያቸው ብዬሽ ነበር" አለኝ።

"ሰምቼሃለሁ።"

ሳቅ አለ። "ሐይቅ ሄጄ እናትሽን ምን ልበላት?"

ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ወሬ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። "ወፍራለች በላት" አልኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ተመልሶ መጣ። እናቱ ፊቱን በመስኮት ብርሃን አዙራ አዙራ አይታዋለች። የእኔ እናት ደግሞ እጁን ይዛ አልለቅም ብላ፣ "ልጄ ይህን እጅ ጨብጣዋለች?" ብላ ጠይቃዋለች።

"ጨብጠሽኝ አታውቂም፤ ግን አዎ አልኳት" አለኝ። ዞር ብዬ በነጠላዬ ጫፍ ዓይኔን ጠረግሁ።

ዓመቱን ተጫውቶ እንደ ቃላቸው ለቀቁት። እሱ በሄደ በሳምንቱ፣ ምሳ ሳነሳ፣ እኔም አገሬ ልግባ ብዬ ጸሐፊውን ፈቃድ ጠየቅኋቸው።

"እናቴን ማን ያጥባታል?" አሉኝ፤ በቁጣ ሳይሆን ከልባቸው ጨንቋቸው። ቀጥለው "ኢንሻአላህ፣ ሰው ስናገኝ" አሉ።

አሮጊቷን እወዳቸው ነበር። ከዚያ ወዲያ ሁለት ረመዳን እዚያው ጾምኩ።